አላስታውስም ያልኩበት ፊርማ

ይህን ከንስሐ አባቴ እንኳ ደብቄዋለሁ። ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ነው፤ ሱሉልታ ውስጥ ሁሉም ሲስተር እያለ ያከብረኛል።

በጤና ጣቢያችን ሰሌዳ ላይ የመንግሥት የምርምር ድጋፍ ጥሪ ሲለጠፍ እኔም፣ የሥራ ባልደረባዬ ጫልቱም አመለከትን። መዝገብ አሞላል ያስተማርኳት እኔ ነኝ። የእኔ ማመልከቻ በመጀመሪያው ዙር ወደቀ። የእሷ፣ የነፍሰ ጡሮችን የደም ግፊት የሚያጠናው፣ ለመጨረሻው ግምገማ አለፈ። ስሟን ሰሌዳው ላይ ሳነብ ባጎረስኩ እጄን የተነከስኩ መሰለኝ። ግን በምኗ ነከሰችኝ? እንኳን ደስ ያለሽ ብዬ ጉንጯን ሳምኳት።

ለማመልከቻው የሙከራ መረጃ ስትሰበስብ በጫንጮ መንገድ ያሉትን ቤቶች አብሬያት ዞሬ ነበር። ፊደል ላልቆጠሩ እናቶች የፈቃድ ቅጹ በኦሮምኛ ይነበብላቸዋል፤ ከተስማሙ በአውራ ጣታቸው ያትማሉ፤ መነበቡን ያየ ሰው ደግሞ በምስክርነት ይፈርማል። ምስክሯ እኔ ነበርኩ። ጫልቱ አንብባ፣ ደግማ አንብባ፣ ላመነታችው በሌላ ቀን ተመልሳ ነው ያሳተመቻቸው። እናቶቹ "ጫልቱ ኮ" ይሏታል፣ ጫልቱዬ እንደማለት። እኔን ሲስተር። በዚህም ቀናሁ! ስንት ዓመት ሙሉ አዋልጄያቸው አንዲት "ኮ" ነፈጉኝ።

አንድ ቀን ከገምጋሚዎቹ አንዷ ደወለች።

"ሲስተር፣ በምስክርነት ፈርመዋል። ቅጹ ለእናቶቹ ሲነበብ እዚያ ነበሩ?"

አዎ ማለት ምን አቃተኝ? እኔ ግን፣ "አላስታውስም" አልኩ።

"የአንዳቸውንም?"

"የአንዳቸውንም።"

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም። አልተነበበላቸውም ብል ውሸቴ ይያዝብኝ ነበር፤ አላስታውስም ያለን ሰው ግን ማን ይይዘዋል? ለዚህ ነው የመረጥኩት፣ አስቤበት ነው።

ሁለተኛው ማስታወቂያ ሲለጠፍ የጫልቱ ጥናት ውድቅ ሆኗል፤ ምክንያቱ "የተሳታፊዎች ፈቃድ አልተረጋገጠም" ይላል። እዚያው ሰሌዳው ፊት አለቀሰች። እኔም ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ፤ ምሳዬን በደንብ በላሁ። ገምጋሚዎቹ አላስታውስም ማለቴን ነግረዋት፣ ይባስ ብላ ያጽናናችኝ እሷ ናት። "አይዞሽ ሲስተርዬ፣ ሰው ይረሳል" አለችኝ።

ዘንድሮ ጥሪው እንደገና ወጥቷል። "አታመልክቺም?" ብላት፣ "መረጃ በማታለል የሰበሰበች ተብዬ፣ ደግሞ ማን ያምነኛል?" አለችኝ። እኔም መዝገቤን መሙላት ቀጠልኩ።

አስታውሳለሁ እኮ! ልጇን ታቅፋ በግራ እጇ ያተመችውን፣ ቀለሙን በቀሚሷ ጫፍ የጠረገችውን፣ ሦስቴ አስነብባ "አሁን ገባኝ" ያለችውን፣ ሁሉንም አስታውሳለሁ። እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። የበደልኳት ከእኔ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ትቀመጣለች፣ ዛሬም የረሳሁ ይመስላታል።