የአትናቴዎስ እጅ

መምህር አትናቴዎስ ደጋዋ ራቤል ከተማ ሲመደብ ለአንድ ዓመት ነው ብለውት ነበር፤ ዓመቱ አላልቅ ብሎ ይኸው ጠጉሩ ሸበተ። ሚስቱ ፅዮን ዓለም ከተማ ሱቅ አላት፤ ልጁ አባቱን የሚያውቀው በስልክ ነው። ዝውውር በጠየቀ ቁጥር አለቃው «ማንን ልተካ?» ይለዋል። ዘንድሮ ግን በሰው ፊት ቃል ገባ፦ «የቼዙን ዋንጫ አምጣልንና እፈርምልሃለሁ።»

ጨዋታውን ያስተማሩት የድጓው መምህር የኔታ ይሥሐቅ ናቸው፤ ያውም የጥንቱን የአገር ቤት ቼዝ፣ ሰንጠረዥን። በእሳቸው ሕግ መጀመሪያው ወረራ ነው፦ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንዳሻቸው ያሰልፋሉ። ብርዱ ከቤት አላስወጣ ሲለው፣ አትናቴዎስ ስንቱን ክረምት ከየኔታ ጋር ሲወርር ከረመ!

ውድድሩ ዓለም ከተማ ሆነ። እስከ ፍጻሜው ያገኛቸው ሁሉ ቶሎ ቶሎ የሚጫወቱ ነበሩና አልተቸገረም። የፍጻሜዋ ተጋጣሚ ቤተል የምትባል ፋርማሲስት ግን ለማሰብ አትቸኩልም። ፅዮን ከፊት ተቀምጣ ታያለች። አትናቴዎስ ወታደሩን ገፋ። ቤተል አገጯን ይዛ ስታስብ፣ እጁ ሳያማክረው ፈረሱን አወጣ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ!

ዳኛው ጠጋ ብሎ «መምህር፣ ተራዎ አይደለም። ከደገሙት ጨዋታው የእሷ ነው» አለው።

እጁን ከጭኑ ሥር ቀበረው። አንድ ጠጠር ከተበላ እንደሚድን ያውቃል፤ ከዚያ በኋላማ የኔታ ዘንድም በተራ ነው። ቤተል ግን የምታስበላ ሴት አልሆነችም። ወታደሮቿን ከወታደሮቹ ጋር ግንባር ለግንባር አጋጥማ ሰሌዳውን እንደ በረት ዘጋችው። አትናቴዎስ ፈራ። መውጫ ቀዳዳ ሲፈልግ ሲፈልግ አገኘ፦ ፈረሱ ሁለት ጊዜ ቢዘል አጥሯ ይፈርሳል። ደስ አለው። ዘለለ፤ ቤተልን ሳይጠብቅ ደግሞ ዘለለ።

ዳኛው ሰዓቱን አቆመ። ፅዮን ከአዳራሹ ስትወጣ ብቻ «ልጁን ምን ልበለው?» አለችው።

ራቤል ሲመለስ የኔታ ሰሌዳውን ዘርግተው ጠበቁት።

«ማን ቀድሞ በላ?»

«ማንም አልበላም፣ የኔታ።»

«ታዲያ ምኑን ተሸነፍክ? ማንም ሳይበላ ጨዋታው መቼ ተጀመረና!»

አትናቴዎስ እንባው መጣበት፤ እጁ ግን አስቀድሞ ፈረሱን አንሥቶ ነበር።