የእትዬ ለተብርሃን ጥቁር ክር

የልጄ ልጅ ሊያ አመሻሽ ላይ በረንዳችን ላይ ቁጭ ብላ ስልኳን ስትነካካ አያታለሁ። ከሰው ጋር የምትጻጻፍ ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ሻይ ይዤላት ስወጣ አጮልቄ ባይ፣ ስልኩ ራሱ ነው የሚጠይቃት። ዛሬ ማንን ቀየምሽ፣ ምን ክፉ አሰብሽ፣ ነገ ምኑን ታሻሽያለሽ ይላታል። ደህና የዋለች ቀን አረንጓዴ ክብ ይሰጣታል።

«ማነው እሱ የሚጠይቅሽ?» አልኳት።

«ማንም አይደለም እማማ። አፕ ነው። ማይንዴን ላሠለጥን ነው።»

«ማንም ካልሆነ ለማን ነው የምትናዘዢው?»

ሳቀች። ዌስትላንድስ ከሚባለው ሰፈር ከሥራ ስትመለስ መንገድ ተዘግቶ፣ የታክሲውን ሾፌር ሆን ብሎ የሚያዞራት መስሏት በልቧ ስትሰድበው እንደመጣች ለስልኩ ነገረችው። ክቡን ከለከላት። እኔ ደግሞ ይሄ ሁሉ የልብ ምስጢር የት ሄዶ እንደሚጠራቀም እያሰብኩ ሻዬ ቀዘቀዘ።

ስልክ አላምንም። ሰውንም ቶሎ አላምንም፤ ይህን ደብቄ አላውቅም። ግን ሊያ የምትሠራውን ሥራ ከስልክ በፊት ሰው ሲሠራው አይቻለሁ፤ ያውም በአንድ ክንድ ክር። እኔ ትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም፤ ፊደል የለየሁት በስተርጅና፣ እዚሁ ናይሮቢ ቤተ ክርስቲያን፣ ከሕፃናት ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ ነው። ስለዚህ በዝግታ ነው የምጽፈው፤ የሚያነብልኝም በዝግታ ይከተለኝ።

በሞያሌ በኩል ገብቼ ናይሮቢ፣ ኢስትሊ የሰፈርኩት ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ነው። በአገራችን ንጉሡ የወረዱበት ሰሞን ነበር። ያን ጊዜ ሐበሻ ሐበሻን በጎን ነበር የሚያየው። ማን ከምን እንደሸሸ፣ ማን ለማን እንደሚያወራ አይታወቅም። ሰው ስሙን ሲነግርህ እንኳ እውነተኛው ይሆን ትላለህ።

የተከራየሁት አልጋ እትዬ አሰለፈች የምትባል ያገራችን ሴት ከምታከራየው ቤት፣ ፎቅ ላይ ካለች ጠባብ ክፍል ነው። በሁለተኛው አልጋ ላይ እትዬ ለተብርሃን ነበረች። ኤርትራዊት ናት፤ አሥመራ ተወልዳ፣ አዲስ አበባ ብዙ ዘመን ኖራለች። አማርኛዋ ከእኔ ይጠራል፤ ይህም ራሱ አላማረኝም። ወንድሟ ካለበት አገር ሊያስመጣት ወረቀት አስገብቶላት፣ ጉዳይዋን የያዘው ቢሮ የሚደውልላትን ቀን ትጠብቃለች። የሚደወለውም ምድር ቤት በእትዬ አሰለፈች ሱቅ ባለው ስልክ ነው። ሌላ አድራሻ አልነበራትም።

ዝምተኛ ናት። ጠዋት ከመንገድ ማንዳዚ ገዝታ፣ ያን የተጠበሰ ሊጥ ለሁለት ቆርሳ ግማሹን ትራስጌዬ ታስቀምጥልኛለች። እኔ መጀመሪያ እሷ እስክትቀምስ ነበር የምጠብቀው።

ታዲያ ዘወትር ጀንበር ስታዘቀዝቅ ከፍራሿ ሥር ጥቁር ክር ታወጣለች። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትቋጥራለች። አንዳንዴ አንድ፣ አንዳንዴ ሁለት። አንዳንዴ የቋጠረችውን መልሳ ትፈታለች። መቁጠሪያ እንዳልል፣ መቁጠሪያዋ አንገቷ ላይ ነው።

እኔ ወሎ ገጠር ነው ያደግኩት። እናቴ መንገድ ላይ የተቋጠረ ክር ካየሽ እንዳትረግጪ፣ ዞረሽ እለፊ ትለኝ ነበር። የሰው እግር ያሠሩበታል፣ የሰው ዕድል ያሠሩበታል። ሌላ ምን ላስብ?

ካሰብኩ በኋላ ደግሞ ማስረጃው እየተግተለተለ መጣ። የምሠራበት ምግብ ቤት ሽንኩርት ስከትፍ ራሴን ይፈልጠኝ ጀመር። ዘይት እጄ ላይ ፈሰሰ፤ ያን ዕለት ሁለት ቋጠረች። ዝናቡ ወሩን ሙሉ ሲወርድ የኢስትሊ ጭቃ አንሸራቶ ጣለኝ፤ ያን ዕለትም ቋጠረች። እየቋጠረችም ቀና ብላ ታየኛለች። ሰው አንዴ መጠርጠር ከጀመረ ዝናቡም ምስክር ይሆንለታል።

አንድ ዓርብ ከሥራ በጊዜ ተመልሼ እጅ ከፍንጅ ያዝኳት። ክሩን ከእጇ መንትፌ በመስኮት ወረወርኩትና ደረጃው ላይ ወጥቼ ጮህኩ። እትዬ አሰለፈች ጉልበቷን ይዛ ወጣች።

«ምን ሆናችሁ?»

«መተት ነው! በእኔ ላይ ነው የምትቋጥረው! ራሴን የሚፈልጠኝ በእሷ ነው!»

እትዬ ለተብርሃን አልተቆጣችም። «የሰው ስም ሳጠፋ እንዳልኖር ነው» አለች ቀስ ብላ። «ሰውን በልቤ በጠረጠርኩ ቁጥር እቋጥራለሁ። መሳሳቴን ሳውቅ እፈታለሁ። ከአያቴ የተማርኩት ነው። ይቺ ጥሩነሽ ያለችው አንድ ጎኑ እውነት ነው፤ በእሷ ላይ የቋጠርኩት አለ። ሳሙናዬን የወሰደችብኝ መስሎኝ ነበር።»

«እኔን ሌባ?» አልኩ። «እትዬ አሰለፈች፣ ሰማሽልኝ?»

«ሳሙናው አልጋ ሥር ተገኘ። እሱን ፈትቼዋለሁ።»

እትዬ አሰለፈች ወዲህ አየች፣ ወዲያ አየች። መተቱን አምናው አይመስለኝም፤ የፈራችው ወሬውን ነው። መተት ያለበት ቤት ማን አልጋ ይከራያል? «እባክሽ ለተብርሃን፣ ነገ ሌላ ቦታ ፈልጊ» አለቻት።

በማግስቱ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። በመስኮት ሳያት ጭቃው ውስጥ ጎንበስ ብላ ክሩን አንስታ በዝናብ ውኃ አጠበችው። ለእትዬ አሰለፈችም፣ «ፓንጋኒ፣ ማታቱው ከሚያቆምበት ዝቅ ብሎ ሻይ ከምትሸጠው ማማ ዋንጂሩ ጋ ነኝ። ከተደወለ ላኩብኝ፤ ከዚህ ስልክ ሌላ የሚያውቁልኝ የለም» ብላ ሄደች።

ሰኞ እትዬ አሰለፈች ገበያ ወርዳ ሱቁን እኔ ስጠብቅ ስልኩ ጮኸ። ሰውዬው በስዋሂሊ ነው የተናገረው። ለተብርሃን ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ቢሮ ትቅረብ፣ ካልቀረበች ፋይሉ ይዘጋል አለ። የስዋሂሊ ሰዓት እንደኛው ነው፤ ጠዋት ሁለት ሲሉ ሁለት ነው። እዚህ አገር ስገባ መጀመሪያ የወደድኩት ይህንን ነበር። ስለዚህ አልገባኝም ነበር ልል አልችልም።

ሰኞን ዝም አልኩ። ማን ያውቃል፣ ደዋዩስ እውነተኛ ነው ወይ እያልኩ ራሴን ስደልል ዋልኩ። ማክሰኞም ዝም አልኩ። ለእትዬ አሰለፈች እንኳ አልነገርኳትም።

ችግሩ ራሴ ነው፤ የገዛ ራሴ ቅል ማለቴ ነው። ለተብርሃን ከሄደች አራት ቀን ሆኗታል፣ ራሴ ግን እንደበፊቱ ይፈልጠኛል። ረቡዕ ሽንኩርት ስከትፍ ባሰብኝና ወደ ጓሮ ወጣሁ። ትንሽ ነፋስ ሲነካኝ ተወኝ። ተመልሼ ገባሁ፣ ጀመረኝ። ቀና ብዬ ባይ፣ ዝናቡን ፈርተን ወር ሙሉ በዘጋነው መስኮት ሥር የከሰሉ ጭስ ታምቆ ቆሟል። ማንም ያላሠረብኝን ነገር በሰው አንገት አሥሬ ኖሬያለሁ። ቢላዋውን አስቀምጬ፣ ሽርጤን ሳላወልቅ ወደ ፓንጋኒ በሚሄደው ማታቱ ተሳፈርኩ።

ማማ ዋንጂሩ ሻይዋን በወተት እያፈላች ነበር። እትዬ ለተብርሃን ኩባያ ታጥባለች። በአንድ ትንፋሽ ሐሙስ፣ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት አልኳት። እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

«ነገ ማለት ነው» አለች። «መቼ ደወሉ?»

«ዛሬ ጠዋት» አልኩ።

ከብብቷ ክሩን አወጣች። ጫፉ ላይ ያለችውን ቋጠሮ አሳየችኝ።

«ይቺን ቅዳሜ ከዚያ ቤት ስወጣ ነው የቋጠርኳት። ቢደወል እንኳ ጥሩነሽ ትደብቅብኛለች ብዬ ነበር። ይቅር በይኝ የኔ ልጅ።»

ክሩ ጭቃና ውኃ ጠጥቶ ስለነበር ቋጠሮው እንቢ አለ። በጥፍሯ ሞከረች፣ በጥርሷ ሞከረች። እኔ ቆሜ አያለሁ። ተይው፣ እሱ ይቅር፣ እውነትሽን ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። ማማ ዋንጂሩ ሻይ አስጨበጠችኝ። ጠጣሁ። ቋጠሮው ተፈታ።

ወረቀቱ ተሳክቶላት ከጥቂት ወር በኋላ ሄደች። ስንሰነባበት ክሩን በጥርሷ ለሁለት በጥሳ፣ እንደ ማንዳዚው፣ ግማሹን ሰጠችኝ።

ከዚያ ወዲህ ስንቱን እንደቋጠርኩ ስንቱን እንደፈታሁ አላውቅም። ሥጋ ሻጩን፣ ምራቴን፣ አዲሱን ጎረቤት ሁሉ ቋጥሬያለሁ። የሁሉም ተፈቷል አልልም፤ አንዳንዱ ሰው በእርግጥም እንደጠረጠርኩት ሆኖ ተገኝቷል። ጠርጣራነቴም አልለቀቀኝም። የተለወጠው ከጠረጠርኩ በኋላ ከመናገሬ በፊት ክሩ ጋ መሄዴ ነው። ክር ሲያረጅ እለውጣለሁ፤ በአዲሱ ላይ ግን መጀመሪያ የምቋጥረው ያችኑ የረቡዕዋን ውሸቴን ነው። በሰው ላይ አይደለም የቋጠርኳት፤ በራሴ ላይ ነው።

ስልኩ ክቡን በከለከላት ምሽት ይህን ሁሉ ለሊያ ነገርኳት። ለማንም ነግሬ አላውቅም። «እማማ፣ ልፈልጋት? ሙሉ ስሟን ብቻ ንገሪኝ» አለች።

«ስንት ዓመቷ ይሆናል አሁን? ሞታም ይሆናል።»

«ሰርች ላድርግ በቃ።»

ያ የማላምነው ስልክ በሦስተኛው ቀን የእህቷን ልጅ አገኘ። እትዬ ለተብርሃን አለች፤ ዓይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋ ደህና ነው አሉ። ሊያ ስልኩን አፌ ሥር ያዘችልኝና በድምፅ ላኪላት አለችኝ። ብዙ ልል አስቤ ነበር።

«የደወሉት ሰኞ ነበር» አልኩ። «ጥሩነሽ ነኝ። ሰኞ ነበር።»

ይኸው አምስት ቀኑ። መልስ አልመጣም። የመጀመሪያው ቀን አመሻሽ ላይ ክሬን አውጥቼ፣ ይቅር አትለኝም ብዬ አንድ ቋጠርኩ። ግን ጣቶቼም እያረጁ ነውና፣ በአንድ እጅ እንድትፈታ ላላ አድርጌ ነው።