ጣሳ ውስጥ የታሸገው ስልኬ

ልጄ ሐዋሳ ካገባች ወዲህ፣ ባሕር ዳር አጠገብ ዘንዘልማ ያለው ቤቴ ውስጥ ያለነው እኔና የማደርቀው ማንጎ ብቻ ነን። የሐይቁ እርጥበት ማንጎውን እያሻገተ ቢያስቸግረኝ፣ የጣሳ ማሸጊያ ማሽን ልመርጥ ባሕር ዳር ወረድሁ። ሻጩ ዋጋ ሲቀንስ እንዲነግረኝ ስልክ ቁጥሬን ተቀበለና፣

«ጋሼ፣ እንዳይርስብዎ የሚሳሱለትን ነገር ይክተቱበትና ይሞክሩት» አለኝ።

ኪሴን ብዳብስ ያገኘሁት ስልኬን ነው። ቀኑን ሙሉ የማየው፣ ማንም የማይደውልበት ስልክ። ጣሳው ውስጥ ከተትሁት። ሻጩ ጣሳውን በማሽኑ አሸገውና ባልዲ ውሃ ውስጥ ደፈቀው። እኔ «ልጄ አሁን ብትደውልስ?» እያልሁ እቁነጠነጣለሁ፤ እሱ የራሱን ስልክ ይነካካል።

ጣሳው ሲከፈት ስልኬ ደረቅ ነበር። ወዲያው መልእክት ገባ፤ ስልኩ ጣሳው ውስጥ ኔትወርክ ባልነበረው ሰዓት ሰው ደውሎልኛል። ቁጥሩን አላውቀውም። ልጄ ቁጥር ቀይራ ይሆናል ብዬ፣ መልሼ ደወልሁ።

የሻጩ ኪስ ጮኸ።

«እኔ እኮ ነኝ ጋሼ! ከውስጥ ይጠራ እንደሆን ብዬ ነው» አለና እየሳቀ አነሣው።

ፊት ለፊቱ ቆሜ፣ ስልኬን ጆሮዬ ላይ እንደያዝሁ፣ «ሃሎ፣ እንደምን ከረምህ?» አልሁት።