እስኪ እግሬን ልጠይቀው

ጋሼ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ካረፉ ስድስት ወር ሆናቸው። ስለ እሳቸው ጻፊ ስባል ቀድሞ የሚመጣልኝ ካልሲያቸው ነው።

ጋሼ ኦስሎ ውስጥ የእግረኛ መንገድ ድንጋይ ሲያነጥፉ ኖሩ። ሊንደሩድ ሰፈር ያለውን የሕንፃችንን መግቢያ የሠሩት ከአንድ እንግሊዛዊና ከአንድ አሜሪካዊ ጋር ነበር። ሁለቱም አፍ የፈቱት በእንግሊዝኛ ነው፤ ስለ ሥራቸው ሲያወሩ ግን አይስማሙም። እንግሊዛዊው ድንጋዩን «ስላብ» ይለዋል፤ አሜሪካዊው «አይ፣ ፔቨር ነው» ብሎ ይሞግታል። ከበረንዳችን ሆኜ እሰማቸው ነበር። ሲደክማቸው ጋሼ እንዲፈርዱ ይጠይቋቸዋል።

ጋሼ አይቸኩሉም። ቦት ጫማቸውን ያወልቁና አዲሱ ድንጋይ ላይ በካልሲ ይቆማሉ።

«እስኪ እግሬን ልጠይቀው» ይላሉ።

ውሃ ልኩ ልክ ነው ቢልም አያምኑትም። ድንጋዩ ትንሽ ከተነቃነቀ ተንበርክከው ያነሱታል፣ አሸዋ ጨምረው በጎማ መዶሻ እየመቱ መልሰው ያስቀምጡታል። ከዚያ ወደ ሁለቱ ዞር ብለው «አሁን የፈለጋችሁትን በሉት» ይሏቸዋል።

ሁለቱም ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው ነበር። በር ላይ ጫማቸውን አውልቀው ጎን ለጎን ተቀመጡ። ያን ቀን ስለ ምንም አልተከራከሩም።

ባለፈው ሳምንት በረዶው ሲቀልጥ መግቢያችን ላይ አንድ ድንጋይ ከፍ ብሎ አየሁ። መሬቱ በብርዱ አብጦ ገፍቶት ነው። ጫማዬን አውልቄ በካልሲ ቆምኩበት።

«ጋሼ፣ ይነቃነቃል» አልኩ ሳላስበው።

ማንም አልተንበረከከም።