ፉኪ «አለቀላት» ያለቻት ልጅ

ፉኪ ሺማሞሪ ዓሣ ትሸጣለች ከምል ትጮኻለች ብል ይቀለኛል። ዓሣው እግረ መንገዱን ነው የሚሸጠው። በሰሜን ጃፓን፣ በሃቺኖሄ ወደባችን፣ እሑድ እሑድ ገና ጎህ ሳይቀድ በሚቆመው ገበያ፣ የእኔ የሾርባ ድስትና የእሷ የዓሣ ሣጥኖች ጎን ለጎን ከተቀመጡ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። የግራ ጆሮዬ የደነቆረው በእርጅና እንዳይመስላችሁ። ፉኪ በግራዬ ናት።

እኔ ቶኩጂ እባላለሁ። ደረቅ ብስኩት ተቆራርሶ የሚገባበት ሾርባ እሸጣለሁ። ጠባዬ ጥሩ አይደለም፤ ይህንንም ራሷ ፉኪ ለመጣው ገዢ ሁሉ ትነግርልኛለች። «ሾርባው ይጣፍጣል፣ ሰውዬውን ግን አታናግሩት» ትላለች። እኔም በተራዬ «ዓሣው ጥሩ ነው፣ ሴትዮዋን ግን ማስቆም አይቻልም» እላለሁ። እንዲህ እየተሞጋገስን እንኖራለን።

ከዓሣ ቀጥሎ የፉኪ ነገር የበረዶ ላይ ስኬቲንግ ነው፤ ስለት ባለው ጫማ እየተንሸራተቱ መዝለልና መሽከርከር። እሷ ራሷ ጫማውን አጥልቃ አታውቅም፤ ቤቷ ደጃፍ ላይ እንኳ በረዶ ሲረጋ ግድግዳ ይዛ ነው የምትሄደው። ባሏ ለወራት ባሕር ላይ በሚሰነብትበት ዘመን ከቴሌቪዥን ጋር ለመደች፤ ሰውዬው ጡረታ ወጥቶ ቤት ሲገባ ቴሌቪዥኑን ሊያስለቅቃት አልቻለም። የየትኛው አገር ልጅ ምን ዝላይ እንደሚዘል፣ የማን አሠልጣኝ ከማን ጋር እንደተጣላ፣ ማን እየተነሣ ማን እየወረደ እንደሆነ ከእሷ አፍ አይጠፋም። ያንን ሁሉ ደግሞ ከዓሣው ጋር ደባልቃ ነው የምትጮኸው።

«ኑ! ኑ! ዛሬ የገባ የማኬሬል ዓሣ! ካናዳ አረጀች፣ ማኬሬሌ ግን ትኩስ ነው! ጣሊያን ዘንድሮ ተነሥታለች፣ እናንተም ተነሡና ግዙ! ሩሲያዎቹ ከታገዱ ወዲህ መድረኩ ሰፍቷል፣ እዚህ ግን ቦታ የለም፣ ቶሎ በሉ!»

ሰው ይስቃል፤ ሲስቅ ይቆማል፤ ከቆመ ደግሞ ይገዛል። ነገር ግን አንድ ጉድ አለ። ፉኪ አንድም ቀን ልክ ሆና አታውቅም።

ጥቁር ምላስ ያለው ሰው ክፉ ከተናገረ ይደርሳል ሲባል ሰምታችኋል። የፉኪ ምላስ የተገላቢጦሽ ነው። «ኮሪያ ጉልበቷ አለቀ» ብላ በጮኸችበት ክረምት የኮሪያ ልጃገረዶች ተከታትለው መድረኩ ላይ ወጡ። «ጆርጂያ? እሱ ደግሞ የት ነው? በረዶስ አላቸው?» ብላ በሣቀች በወሩ ጆርጂያዊው ልጅ ሜዳሊያ አጠለቀ። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ቻይናውያን ጥንዶችን «እነዚህማ ገና ዓለምን ይገዛሉ» ብላ ስታሞግስ፣ ወንዱ ወገቡን ታመመ፣ ሴቷ ትዳር ይዛ ተወችው። አንድ ፈረንሣዊ ደግሞ ነበር፤ እንደ ልጇ የምትሳሳለት። ባወደሰችው ማግሥት መሐል ሜዳ ላይ በቂጡ ተቀመጠ።

ገበያተኛው ይህን አውቆባታል። ትልቅ ውድድር ሲቃረብ ሰዎች መጥተው «ፉኪ፣ እባክሽ ስለ እኛ ልጆች ክፉ ክፉውን ተናገሪ» ይሏታል። እሷ ትቆጣለች። «እኔ በእውቀት ነው የምናገረው!» ትላለች። እኔም ከጎኗ «እውቀትሽ ለጠላት ይሁን» እላለሁ፤ አንድ ጊዜ በዓሣ ጅራት መታችኛለች።

ናጊሳ የመጣችው በዚህ መሐል ነው።

ናጊሳ የሴይሮኩ ልጅ ናት። ሴይሮኩ የወደቡ በረዶ ቤት ሠራተኛ ነው፤ የተፈጨ በረዶ በጋሪ እየገፋ ለዓሣ ሻጮች ያድላል። እናቷ ትታቸው ከሄደች በኋላ ልጁን የሚያስቀምጥበት አጥቶ የፉኪ ሣጥን ላይ ያስቀምጣት ነበር። ልጅቷ አምስት ዓመት ሳይሞላት የፉኪን ወሬ ጠጥታ አደገችና፣ አንድ ቀን ከሣጥኑ ወርዳ በጎማ ቦቲዋ የረጠበው አስፋልት ላይ መሽከርከር ጀመረች። «ይቺ ልጅ በረዶ ሜዳ ካልገባች ዓሣዬን ሁሉ ታፈሳለች» አለች ፉኪ፤ አባትየውን እየጎተተች ወስዳ አስመዘገበቻት።

ከዚያ በኋላ የልጅቷ ቁርጭምጭሚት ባበጠ ቁጥር የሚታሸው በፉኪ የዓሣ በረዶ ነው። ጓደኞቿ «ዓሣ ዓሣ ትሸቻለሽ» ብለው ሲያስለቅሷት፣ ፉኪ እንባዋን በሽርጧ ጠርጋ ይብሱን አሸተተቻት።

እኛ አገር በውድድር ላይ አንድ ልማድ አለ። ልጁ በረዶው መሐል ቆሞ ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት አዳራሹ ፀጥ ሲል፣ የሱ ሰዎች ስሙን ጠርተው «በርታ!» ብለው ይጮኻሉ። ናጊሳ ስትቆም የምትጮኸው ፉኪ ናት። «ናጊሳ፣ በርቺ!» ስትል ጣሪያው ይንቀጠቀጣል። ልጅቷም ያንን ድምፅ ሳትሰማ እጇን አታነሣም ነበር።

ይሁንና ናጊሳ የምትወድቅ ልጅ ነበረች። ስታምር ታምራለች፤ ግን ትወድቃለች። በየዓመቱ ወደ ዋናው የመላ ጃፓን ውድድር ልታልፍ ትንሽ ሲቀራት ትቀራለች። ዓመቱ ሲሄድ እሷ ትልቅ ሆነች፣ ከታች ደግሞ ክንዳቸው እንደ እርሳስ የቀጠነ ሕፃናት ሦስት ዙር ተኩል እየዘለሉ መጡ። ዩኒቨርሲቲ ስትጨርስ ጫማዋን ልትሰቅል ወሰነች። ያ መኸር የመጨረሻዋ ነበር፤ የምሥራቅ ጃፓን ማጣሪያውም በእኛ በሃቺኖሄ ሊደረግ ሆነ። አለፈች አለፈች፤ ካላለፈች ሌላ ዓመት የለም።

ከውድድሩ በፊት ባለው እሑድ ሴይሮኩ ጋሪውን አቁሞ ቆቡን አወለቀ። ቆቡን ሲያወልቅ አይቼው አላውቅም፤ ራሱ በራ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

«ፉኪ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ» አለ።

«በረዶ ተወደደ እንዳትለኝ ብቻ።»

«ስለ ልጄ መልካም እንዳትናገሪ። ይልቅስ አርጅታለች በይልኝ፣ ትወድቃለች በይልኝ። በጮኽሽላት ቁጥር እኮ ነው የምትወድቀው። ሰው ሁሉ የሚለው ነው።»

ፉኪ የያዘችውን ቢላ አስቀመጠች። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። «ሴይሮኩ፣ በዚህች ልጅ ላይ ክፉ ከሚወጣኝ ምላሴ ይቆረጥ» አለች።

«እንግዲያው ዝም በይ።»

«ዝም እላለሁ።»

እኔ ጭልፋዬን ጣልኩ። «ማን? አንቺ?»

«አንተ ደግሞ ሾርባህን አማስል!» አለችኝ፤ ግን ድምፅዋ እንደ ሌላ ጊዜው አልነበረም።

የውድድሩን የመጀመሪያ ቀን ፉኪ ጨርሶ ቤቷ ዋለች። ናጊሳም ሳትወድቅ ጨረሰች፤ ከሚያልፉት ተርታ የመጨረሻዋ ሆና ገባች። ሰው ሁሉ ተያየ። «አያችሁ?» አለ አንዱ። ለፉኪ የነገርኳት እኔ ነኝ፤ ደስ አላት፣ ወዲያው ደግሞ ከፋት፣ ሁለቱንም በአንድ ፊት።

በሁለተኛው ቀን ግን መቅረት አልቻለችም። ገበያተኛው በሙሉ በቦቲው መጥቶ አንዱን ጥግ ሞልቶታል፤ ከቶኪዮ የመጡት ጨዋ ወይዛዝርት መቀመጫቸውን ቀስ አድርገው ራቅ አሉ። ፉኪ በእኔና በሴይሮኩ መሐል ተቀመጠች፤ ፎጣዋን ጠቅልላ አፏ ውስጥ ጎሰጎሰችው። እውነቴን ነው። ከዚያ ወዲያ በአፍንጫዋ ብቻ ነበር የምትተነፍሰው።

የናጊሳ ስም ተጠራ። ልጅቷ ወጣች፣ መሐል ላይ ቆመች። የክለብ ጓደኞቿ በቀጭን ድምፅ «ናጊሳ፣ በርቺ!» አሉ። አዳራሹ ፀጥ ረጭ አለ። ናጊሳ ግን እጇን አላነሣችም። ወደ እኛ ጥግ ቀና ብላ አየች። ከዚያ ቦታዋን ለቃ አንድ ዙር ተንሸራተተች፤ ተመልሳ ቆመች፤ አሁንም አየች።

«ምን ሆና ነው?» አለ ሴይሮኩ። «ከዘገየች እኮ ነጥብ ይቀንሱባታል!»

«ምን ትሆናለች፣ ይቺን ነው የምትጠብቀው» አልኩት።

ሴይሮኩ ፉኪን አያት። ፉኪ ሴይሮኩን አየችው። ዓይኗ ደም መስሏል፣ ፎጣው ከአፏ ተንጠልጥሏል። «በርቺ» ብትል በምላሷ ልትጥላት ነው፤ ዝም ብትል ልጅቷ እዚያው ቆማ ልትቀር ነው። ያኔ ፉኪ ፎጣውን መንጭቃ አውጥታ ብድግ አለች፤ ሠላሳ ዓመት ዓሣ በሸጠችበት ድምፅ ለቀቀችው፦

«ናጊሳ አለቀላት! አረጀች! የትናንት ዓሣ ናት! ማንም እንዳይገዛት!»

ወይ ጉድ! የቶኪዮ ወይዛዝርት ክው አሉ። ዳኞቹ በአንድነት አንገታቸውን አዞሩ። አንድ ጥበቃ እየሮጠ ወደ እኛ መጣ፤ ገበያተኛው ግን ቆሞ እያጨበጨበ ነው። ናጊሳ በረዶው መሐል ጉልበቷን ይዛ ጎንበስ አለች፤ የምታለቅስ መሰለኝ። ቀና ስትል ከት ብላ እየሣቀች ነበር። እጇን አነሣች። ሙዚቃው ጀመረ።

እንዴት እንደተንሸራተተች ልንገራችሁ ብል አልችልበትም፤ የሚችለው ሰው አጠገቤ ነበር፣ ግን ተመልሶ ፎጣውን ጎርሷል። የማውቀው፣ ያን ያህል ሰው ተሰብስቦ የሚሰማው የጫማዋ ብረት ድምፅ ብቻ መሆኑን ነው። አንዱን ዘለለች፣ ቆመች። ሌላውን ዘለለች፣ ቆመች። ሴይሮኩ በፉኪ ጉልበት ላይ እጁን ሰድዶ የእኔን ጣት ይዞ እየጨመቀ ነው፤ የራሱ መስሎታል። ሊያልቅ ሲል፣ የቀረችው አንዲት ዝላይ ስትሆን፣ ዘለለችና ወደቀች።

ወዲያው ተነሥታ ጨረሰች። ጎንበስ ብላ በመዳፏ በረዶውን ነካች። ከእሷ በኋላ የወጣችው የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ እንደ አንበጣ እየተፈናጠረች አንዱንም ሳትስት ዘለለችና ቦታውን ወሰደችባት። ናጊሳ አንድ ደረጃ ቀርቷት ቀረች።

በአውቶቡስ ስንመለስ ፉኪ በመስኮቱ በኩል ትኩር ብላ እያየች፣ «ቶኩጂ፣ በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ልክ ሆንኩ» አለች። ፊቷ በእንባ ርሷል።

ከዚያ ወዲያ ገበያ ላይ መጮኽ አቆመች። ዓሣዋን ደርድራ ትቀመጣለች፣ የሚገዛት ከመጣ ትጠቀልልለታለች። አንዱ «ዘንድሮ ማን ይነሣል? አሜሪካ ወይስ እኛ?» ቢላት «እኔ እንጃ» አለችው። ሰውዬው ደንግጦ ዓሣ ሳይገዛ ሄደ። እኔም በግራ ጆሮዬ የወደቡን ወፎች መስማት ጀመርኩ። ሲንጫጩ ነው የሚውሉት፤ ምንም ቁም ነገር የላቸውም። ዓሣዋ ሳይሸጥ ሲቀር አያለሁ፣ አንጀቴን ትበላኛለች፣ ግን ምን ብዬ ልንገራት?

ብርዱ በጠናበት አንድ እሑድ የበረዶው ጋሪ መጣ። የሚገፋው ሴይሮኩ አልነበረም፤ እሱ ከኋላ ባዶ እጁን ይከተላል። የምትገፋው ናጊሳ ናት፣ ከተማረችበት ከሰንዳይ ከተማ ዕቃዋን ጠቅልላ ተመልሳለች። ጋሪውን አቆመችና በረዶውን ሣጥኖቹ ላይ ታፈስ ጀመር። ፉኪ ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም።

«አክስቴ፣ ያን ቀን ስለ እኔ ምን ነበር ያልሽው?» አለች ናጊሳ።

«ተይኝ፣ ልጄ።»

«አልተውሽም፣ ንገሪኝ። ምን አልሽ?»

«አለቀላት አልኩ። ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው።»

ናጊሳ አካፋዋን በረዶው ላይ ተከለች። «ከሰኞ ጀምሮ በረዶ ሜዳው ውስጥ ትናንሾቹን ላስተምር ቀጥረውኛል። እዚሁ ነኝ፣ የትም አልሄድ። ይኸው ቆሜያለሁ፣ አክስቴ። አላለቀልኝም። ስለዚህ አሁንም ተሳስተሻል።»

ፉኪ ቀስ ብላ ዓይኗን በሽርጧ ጠረገች፤ የዓሣ ቅርፊት ጉንጯ ላይ ተለጠፈ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ቶኩጂ! ሰማህ? ተሳስቻለሁ!»

«መች ልክ ሆነሽ ታውቂያለሽ» አልኳት።

ፉኪ የዓሣ ሣጥኗ ላይ ወጣች። ያቺ ልጅ ተቀምጣበት ያደገችበት ሣጥን ነው። አየሩን ሳበች፣ ወፎቹ ሁሉ ተነሥተው በረሩ።

«ኑ! ኑ! የዛሬ ማኬሬል! ይቺ ልጅ ላስተምር ነው ትላለች! አንድም ልጅ አይወጣላትም! ሁሉም ይወድቃሉ! ጃፓን አበቃላት!»

ገበያው በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። ናጊሳ እንደ ትልቅ ስጦታ ተቀባይ በሁለት እጇ ጉልበቷን ይዛ ዝቅ ብላ እጅ ነሣች፤ ብዙ ቆይታ ነው ቀና ያለችው። ሴይሮኩ ቆቡን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት። እኔም የግራ ጆሮዬን በአንድ እጄ ይዤ ሾርባዬን ማማሰል ቀጠልኩ።