ሰባተኛው ሹፌር

በደርግ ጊዜ ነው። መሥሪያ ቤታችን ፒያሳ ነበር፤ የኔ ሥራ ደግሞ ጭነት መኪናና ትንሽ ታክሲ ቢጋጩ ምን እንደሚሆን በኮምፒውተር ማስላት። ታክሲዋ ላይ እዚህም እዚያም ብረት እየጨመርኩ ሹፌሩ እስኪተርፍ አጋጫቸዋለሁ። ማሽኑ አማርኛ ስለማያውቅ ውጤቱን ለአለቃዬ በእጄ እየተረጎምኩ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ጉዴን ያፈላው ይኼው ደብተር ነው።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ፍተሻ ገጠመኝ። የአብዮት ጥበቃው ደብተሬን ገልጦ ጮክ ብሎ አነበበ።

«አንደኛ፣ ሹፌሩ ሞተ። ሁለተኛ፣ ሹፌሩ ሞተ። ሦስተኛ፣ ሹፌሩ ሞተ።»

ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ቀስ እያለ ራቀኝ።

«እነማን ናቸው?» አለኝ።

«ማንም አይደሉም ጓድ። ኮምፒውተር ውስጥ ነው የሞቱት።»

ምነው ምላሴን በቆረጠው! ጠመንጃውን ጀርባዬ ላይ ደግኖ ቀበሌ ወሰደኝ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ሽበታም ሰው ናቸው። እየተንተባተብኩ ሥራዬን ሳስረዳቸው ደብተሩን ሁለቴ አነበቡት። ከዚያ ጠባቂውን «ውጣና በሩን ዝጋው» አሉት።

በዚያ ዘመን በር ሲዘጋ ምን እንደሚከተል የማያውቅ አልነበረም። ጊዮርጊስን በሆዴ ተማጸንኩ።

ሊቀመንበሩ ወንበራቸውን ወደኔ ሳቡና ጣታቸውን ሰባተኛው መስመር ላይ አሳረፉ። «ሹፌሩ ተረፈ» ይላል።

«እዚህ ጋ ብረቱን የት ጨምረህ ነው ያተረፍከው?» አሉኝ በሹክሹክታ። «ልጄ ታክሲ ነጂ ነው።»