ቄጠማ የለበሰው መንገድ

በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለነው አራት ሰዎች ነን። አንደኛዋ ልጄ ትርንጎ ናት፤ በሕፃንነቷ ኩፍኝ ዓይኗን አጥፍቶባታል። ሁለተኛው ጓደኛዬ ደምሌ ነው፤ በክራንች የሚሄድ ጫማ ሰፊ። ሦስተኛው አያ ንጉሤ ናቸው፤ የእድራችንን ድንኳን የሚጠብቁና የሚተክሉ ሽማግሌ። አራተኛው እኔ ነኝ። ደብረ ታቦር ውስጥ ብረት በያጅ ነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ማንበብ የተማርኩት ጎልምሼ፣ ከሱቅ ታፔላ ላይ ፊደል እየለቀምኩ ነው።

ነገሩ የሆነው አምና፣ መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ነው። ቄጠማ የተነጠፈበት ደጃፍ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ለሰርግ የተነጠፈ ቢሆንም እንኳ መጀመሪያ በእግሬ ጫፍ ሳልነካ አልረግጠውም።

የሰፈራችን መንገድ በአዲስ መልክ ሲሠራ የከተማው ኃላፊዎች አካል ጉዳተኞችን ጠርተው አማከሩ። እኔ ለይስሙላ መስሎኝ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። ደምሌ የእግረኛው መንገድ መወጣጫ እንደማያስኬድ በክራንቹ ወጥቶ ወርዶ አሳያቸው፤ አፍርሰው እንደገና ሠሩት። በእግረኛው መንገድ መካከል ዓይነ ስውር በእግሩ ዳብሶ የሚከተለው ጎርባጣ ቢጫ ንጣፍ አለ። ትርንጎ ይህ ንጣፍ ሄዶ ሄዶ ከመብራት ምሰሶ ጋር እንደሚያላትም ነገረቻቸው፤ አዞሩት።

ንጣፉ የሚያልፈው ከውኃ መውረጃው ቦይ በላይ ነው። የቦዩን ክዳኖች እንድበይድ ሥራው ለእኔ ተሰጠኝ። በብረቶቹ መካከል የሚኖረውን ክፍተት የወሰነችው ትርንጎ ናት። ነጭ በትሯን ይዛ ወርክሾፕ ትመጣና ጫፉን ትሰካዋለች። ከገባ፣ “ይጥበብ አባዬ” ትለኛለች። አጠብበዋለሁ። እነዚያን ክዳኖች ከሺህ ብረት መካከል ብታስቀምጧቸው ለይቼ አነሣቸዋለሁ።

በዚያው ሰሞን ሐሙሲት ያለ አንድ ትምህርት ቤት ለዓይነ ስውራን ልጆች ብሬል እንድታስተምር ተቀበላት። እዚያ ቤት ተከራይታ ብቻዋን ልትኖር ነው። እኔ አይሆንም አልኩ። በገበያ ቀን ሰውና አህያ፣ ሚኒባስና ባጃጅ በሚጋፋበት ከተማ፣ የማያይ ሰው ብቻውን አይለቀቅም ብዬ አምን ነበር። አባት የሚፈራው ልጁን ስለሚንቅ አይደለም።

ትርንጎ አላለቀሰችም፤ አልተከራከረችኝም። ውል አቀረበችልኝ።

“መንገዱ የሚመረቅ ቀን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ መታጠፊያ እስከ ጤና ጣቢያው በር ብቻዬን እሄዳለሁ። አንቱ ከኋላ ይከተሉኛል። የሰው እጅ ከያዘኝ ወይም አንቱ ቃል ከተነፈሱና ከቆምኩ፣ ሐሙሲት ቀረ። ካልቆምኩ እሄዳለሁ።”

እሺ አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ልጆቼን ያሳደግሁትም በዚህ ነው።

ከምረቃው በፊት አንድ ቀን ስንለማመድ ባጃጅ አየሁና “ቁሚ” አልኳት። ቆመች። ባጃጁ ግን ገና ሩቅ ነበር፤ ወደ ሌላ መንገድ ታጥፎ ሄደ። ድምፁ ሲርቅ ሰማችው። ፊቷን ወደ እኔ አዙራ፣ “ይኸ ለእኔ ነው ወይስ ለማሸነፍ?” አለችኝ። ለአንቺ ነው አልኳት። እንዳላመነችኝ ከፊቷ አወቅሁ።

የምረቃው ቀን ደረሰ። ሰፈሩ ኮርቶ ነበር። የእድሩ ድንኳን ከጤና ጣቢያው በር አጠገብ ተተክሏል። ሴቶቹ ከወንዝ ዳር ቄጠማ አጭደው አምጥተው ለእንግዶቹ ክብር መንገዱን ሞልተውታል። ድምፅ ማጉያው ጆሮ ይበጥሳል። ደምሌ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ክራንቹን ተደግፎ ይጠብቀናል።

ትርንጎ ከመታጠፊያው ተነሣች። እኔ ከኋላዋ ራቅ ብዬ ተከተልኳት። መጀመሪያ ላይ አካሄዷ ያስቀና ነበር፤ በትሯ ቢጫውን ንጣፍ ቀጭ ቀጭ እያደረገ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ። አንዲት ባልቴት ልትይዛት እጇን ስትዘረጋ፣ “ይተዉኝ እማማ፣ ዛሬ ፈተና ላይ ነኝ” ብላ አለፈች። ሰው ሳቀ። እኔም በልቤ ኮራሁ።

ቄጠማው ሲጀምር የበትሯ ድምፅ ጠፋ። እግሯም ንጣፉን መለየት እንዳቃተው አየሁ፤ ዘገም አለች፤ ግን ሄደች።

ያን ጊዜ በስተግራዬ አጥር ሥር ዓይኔ አንድ ነገር ላይ አረፈ። የእኔ ክዳን ነው። ከቦዩ ተነሥቶ ቆርቆሮው ላይ ተደግፏል።

ክዳኑ እዚህ ከቆመ ጉድጓዱ ተከፍቷል ማለት ነው። የት ጋ? ሁሉም ቦታ አረንጓዴ ነው። ልጄ ያለችው ከእኔ ፊት ነው፤ ጉድጓዱ ከፊቷ ይሁን ከኋላዋ አላውቅም። የቦዩ ጥልቀት ከወገብ በላይ ነው፤ ጠርዙ ያልተሞረደ ብረት ነው። እኔው ነኝ የሠራሁት።

ቃሌን ረሳሁ። “ትርንጎ ቁሚ! ጉድጓድ አለ!” ብዬ ጮኽኩ።

ትከሻዋ ደንገጥ ሲል አየሁ፤ ሰምታኛለች። ግን አልቆመችም። ይልቁንም እርምጃዋን አፈጠነች። ደግሜ ጮኽኩ፤ ባሰባት። አባቴ እንደ ባጃጁ ቀን ሊያስቀረኝ ነው ብላለች። አባት ሆኖ ልጁ ሳታምነው ወደ ጉድጓድ ስትሄድ ማየት ምን እንደሆነ ላልደረሰበት ሰው ማስረዳት አልችልም።

ሮጥኩ። ልደርስባት ትንሽ ሲቀረኝ፣ እሷ በዕድል ተራምዳው ባለፈችው ቦታ ምድር ከእግሬ ሥር ጠፋች። ቀኝ እግሬ ገባ፤ ጉልበቴ ጠርዙን መታው፤ ቁርጭምጭሚቴ ታች ሲታጠፍ ድምፁን ሰማሁት። እንደ ሕፃን ጮኽኩ።

ያን ጩኸት ግን አመነችው። ባለችበት ደርቃ ቀረች።

“አባዬ?”

ሕዝቡ ከድንኳኑ ወደ እኔ ግር ብሎ ሲመጣ ትርንጎ እጇን ዘርግታ፣ “ማንም እንዳይንቀሳቀስ። ባላችሁበት ቁሙ” አለች። እንደዚያ ተቆጥታ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ደምሌም ክራንቹን እንደ መዝጊያ አግድም ዘርግቶ ሰዉን ያዘልን። ድምፅ ማጉያው ተዘጋ።

ትርንጎ በትሯን ወደ ፊት አሾለከች። ከጫማዋ ጫፍ ክንድ በማይሞላ ርቀት በትሩ ቄጠማውን በስቶ ወደ ታች ሰመጠ። ሁለተኛ ጉድጓድ ነበር። አንድ እርምጃ ብትጨምር በፊቷ ትደፋበት ነበር።

ያን ሁሉ ዓይን ያለው ሰው አቁማ፣ ተንበርክካ ቄጠማውን በእጇ ጠረገች፤ መሬቱን በበትሯ እየነካች እስከ እኔ መጣች። የሚረገጠውን ቦታ እየነገረች ሁለት ጎረምሶች ወደ እኔ አሳለፈች። እነሱ ጎትተው አወጡኝ።

ጥፋቱ እንዴት እንደደረሰ አያ ንጉሤ ራሳቸው ተናገሩ፤ አልሸሸጉም። ዕድሜ ልካቸውን የድንኳን ምሰሶ የሚተክሉት አፈር ቆፍረው ነው። አዲሱ ንጣፍ አይቆፈርም። ስለዚህ ዋዜማውን ሁለት ክዳን አነሡና ሁለቱን ምሰሶ ቦዩ ውስጥ አቆሙ። በማለዳ ድንኳኑ መንገድ ዘግቷል ስለተባለ ነቅለው ወደ በሩ ወሰዱት። ክዳኖቹን ሊመልሱ ሲሉ ሴቶቹ ደረሱ፤ በእቅፍ የያዙትን ረጃጅም ቄጠማ ጉድጓዶቹን ልብ ሳይሉ አነጠፉት፤ እሳቸውም ዘነጉ።

“ቄጠማ የሚነጠፈው ሁሉ ነገር ሲያልቅ ነው፤ ከተነጠፈ ወዲያ ሥራ የቀረ አልመሰለኝም፣ ልጄ” አሏት ትርንጎን። እንባቸው በጢማቸው ላይ ይወርድ ነበር።

ደምሌ ወደ ኃላፊዎቹም ወደ እኛም ዞሮ እንዲህ አለ፦ “መንገዱን ስትሠሩት ጠራችሁን፤ እግዜር ይስጥልን። ስታለብሱት ግን ማን ጠራን? ዛሬ እዚህ ያለነው ለመታየት ብቻ ነው።”

ጤና ጣቢያው ቅርብ ስለነበር በቃሬዛ ወሰዱኝ። እግሬ ሲታሰር ትርንጎ አጠገቤ ተቀመጠች። በኋላ፣ “ውሉስ?” አለችኝ።

ያን ጊዜ ማሸነፍ ይቻለኝ ነበር፤ መጨረሻ ላይ ያቆማት የእኔ ድምፅ ነው። ግን ፍርድ ማጣመም አልወድም። “ቁሚ” ብዬ ተናግሬ አልቆመችም። የቆመችው አባቷን ለማዳን ነው።

“እስከ በሩ አልደረስሽም” አልኳት።

ተነሥታ በትሯን አንሥታ ወጣች። ወደ መታጠፊያው ተመልሳ እንደ አዲስ ስትጀምር በመስኮቱ አየኋት። ቄጠማው ተጠርጎ፣ ክዳኖቹ ተመልሰው ነበር። ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ እየቀረበ እየቀረበ መጣና በሩ ላይ ቆመ።

በኅዳር ሐሙሲት ሄደች። እስከ አውቶቡስ መናኸሪያው ተሸኝታ፣ ከዚያ ብቻዋን።

ዛሬም ቢሆን እጮሃለሁ፤ አልዋሽም። ልጁን ጉድጓድ አፋፍ ላይ እያየ ለቃሉ ብሎ ዝም የሚል አባት አባት አይደለም። ነገር ግን ያለ ምክንያት የሚጮህ አባት በምክንያት ሲጮህ እንደማይሰማ አይቻለሁ። ሰፈራችንም አንድ ሕግ አወጣ፤ ለሰርግም ይሁን ለለቅሶ በመንገዱ ላይ ድንኳን ከመተከሉና ቄጠማ ከመነጠፉ በፊት መንገዱን እንዲፈትሽ ደምሌ ይጠራል። አያ ንጉሤ ራሳቸው ቤቱ ድረስ ሄደው ነው የሚጠሩት።

ክዳኖቹን በሙሉ ያለ መፍቻ እንዳይነሡ በብሎን አሰርኳቸው። ብረቱን እኔ ቻልኩ፤ ብሎኑን እድሩና የመንገዱ ሰዎች ገዙ፤ ደምሌም ከጫማ ስፌቱ አዋጣ። የእግሬ ሕክምና ተጨምሮበት ነገሩ ሁላችንንም አሥራ ሦስት ሺህ አምስት መቶ ብር ፈጀ። ከዚያ ውስጥ ሦስት ሺሁ ከሐሙሲት የተላከ የመምህርት ደመወዝ ነው።